ኮምፒውተሮቹ ስቶር ውስጥ ሳይሞቱ ስጡን

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለባንኮችና ለድርጅቶች የንብረት ክፍል ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሃርድዌርና ኔትወርክ አሠልጣኝ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ በመልክ ታውቁኛላችሁ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዤ በራችሁ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። "ሰኞ ና" ተብዬ ሰኞ መጥቻለሁ። ሰኞ ደግሞ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብያለሁ። አልተቀየምኩም፤ ሥራ እንደሚበዛባችሁ አያለሁ። ግን ያንኑ ደብዳቤ ቢሮ ለቢሮ ከማዞር አንዴ በአደባባይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ናት። ከአገልግሎት ያወጣችኋቸውን ኮምፒውተሮች በዚያው ባወጣችሁበት ዓመት ስጡን። አምስት ክረምት ስቶር ውስጥ ካሳለፉ በኋላ አይደለም። ተማሪዎቼ ይጠግኗቸዋል። የተጠገኑት ልጅ እያስተማሩ ኮምፒውተር መግዛት ላልቻሉ ቤተሰቦች በነፃ ይሰጣሉ።

"በዚያው ዓመት" የሚለውን ለምን እንደማጠብቀው ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት "ኑና ውሰዱ" አለን። ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ስድስት ተማሪዎች ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ ደስታቸው ሌላ ነበር፤ አንዱማ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ስቶሩ ምድር ቤት ነው። የስቶር ሠራተኛዋ ቁልፉን ብትሞክር ብትሞክር አልዞር አለ። በመጨረሻ ጥበቃው መጥቶ በትከሻው ገፋው። ውስጡ የተሰበረ ወንበር፣ ያለቀ ጎማ፣ የድሮ መጋረጃ አለ። ከዚያ ሥር እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ዴስክቶፖች። የንብረት መለያ ቁጥራቸው እንኳን ገና አልለቀቀም።

52 ማሽን ጭነን ተመለስን። በማግስቱ የመጀመሪያውን ካቻቢቴ ይዘን ከፈትነው። ውስጡ የአይጥ ጎጆ አገኘን። ጎጆው ከምን እንደተሠራ ገምቱ፤ ከሞዴል 19! አይጧ ንብረቱ ገቢ የሆነበትን ደረሰኝ ቆራርጣ፣ እዚያው ንብረቱ ላይ ቤቷን ሠርታበታለች። ልጆቹ እየተንከባለሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የቀሩትን ስንከፍት ግን ሳቁ አለቀ። የክረምቱ እርጥበት ማዘርቦርዱን፣ ዋናውን ሰሌዳ፣ አረንጓዴ አድርጎታል። የፕሮሰሰር እግሮች ዝገዋል። ብዙዎቹ ውስጥ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) የለም፤ የራሙ ቦታ ብቻ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ማን እንዳወጣው አልጠየቅንም፤ አይጠየቅማ።

ከ52ቱ የነቁት 9 ናቸው። እነዚያ ማሽኖች ስቶር የገቡ ዕለት አብዛኞቹ ይሠሩ እንደነበር መለያቸው ላይ የተጻፈው ይናገራል፤ "በአዲስ የተተካ" ይላል። "የተበላሸ" አይልም። እህል እንኳ ጎተራ ሲቆይ ይነቅዛል። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው፤ የሚለየው ሲነቅዝ ከውጭ ስለማይታይ ብቻ ነው።

እናንተ ዘንድ ያለውን ሥጋት አውቀዋለሁ። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን እጃችን ሲገባ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ።

የሃርድዌር ትምህርት ያለ ብልሽት አይሆንም። እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ለማሳያ የተቀመጡ ጥቂት ማሽኖች አሉ። ተማሪዎች ሁሉ በየተራ ፈተዋቸው ገጥመዋቸው ብሎናቸው ላሽቋል። ብልሽታቸውንም ከላይኛው ክፍል ተማሪዎች ሰምተው ይገባሉ፤ "ሦስተኛው ማሽን ፓወር ሰፕላይ ነው" እየተባባሉ። ይሄ ትምህርት አይደለም፣ ሽምደዳ ነው። እውነተኛ ማሽን ከውጭ ሲመጣ ግን ችግሩን እኔም አላውቀውም። አብረን እንፈልጋለን።

አንዲት የደረጃ 3 ተማሪ አለች። ሲበዛ ዝምተኛ ናት። አንድ ዴስክቶፕ ሲበራ "ጢት፣ ጢት፣ ጢት" እያለ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ወንዶች ከበውት ማዘርቦርዱ ሞቷል ብለው ፈርደዋል። እሷ ዝም ብላ ራሙን ነቀለችው። ከደብተሯ መሃል ላጲስ አወጣች። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች እርሳስ እንደምታጠፋ ቀስ አድርጋ ፈገፈገቻቸው፣ ብናኙን በብሩሽ ጠረገች፣ መልሳ ሰካችው። አንድ "ጢት" ብቻ ተሰማ። ስክሪኑ በራ። ወንዶቹ ምንም አላሉም። የአንዱ ፊት ግን አሁንም ትዝ ይለኛል።

አብዛኛው ጥገና እንዲህ ያለ ነው። ትልቅ ነገር የለውም። አቧራውን በብሎወር ማራገፍ፣ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን እንዲያስወጣ የሚቀባውን፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት ጠርጎ አዲስ መቀባት፣ ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ መቀየር። ይቺ ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። በተከፈተ ቁጥር ራሱን ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ የፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ላይ ያገኘዋል። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች "አስተማማኝ አይደለም" እያሉ አይከፈቱም። ሰዉ ቫይረስ ይመስለዋል። በአንዲት ባትሪ ምክንያት ወደ ስቶር የተላከ ማሽን አይቻለሁ።

ከሁሉ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አውጥተን የማይሽከረከረውንና ፈጣኑን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ስናስገባ ነው። ለመነሣት አምስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ማሽን ከአንድ ደቂቃ በታች ይነሣል። ከዚያ በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ ሚንት የሚባል ስርዓተ ክወና እንጭናለን፤ ነፃ ነው፣ በ4 ጊጋ ራምም ይሄዳል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ሊብሬ ኦፊስ፣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተማሪ መጻሕፍት በፒዲኤፍ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ዊኪፔዲያ እንጨምርበታለን። አልዋሻችሁም፣ አንዳንድ ወላጅ "ዊንዶውስ የለውም እንዴ?" ብሎ ቅር ይለዋል። ልጆቹ ግን በሁለተኛው ቀን ይረሱታል።

አሁን ደግሞ ወደሚሄድበት ቤት እንሂድ።

ተቀባዮቹን የምንመርጠው በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የክፍል ኃላፊ መምህራን አማካይነት ነው። የማን ቤት ምን እንደጎደለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች አንዷ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። የቀበሌ ቤት ነው፣ አንድ ክፍል። ልጃቸው ያኔ 11ኛ ክፍል ነበር። ኮምፒውተሩን ከሁለት ተማሪዎች ጋር ይዘን ሄድን። እናትየው ቴሌቪዥኑን ከኮመዲኖው ላይ አንሥተው ቦታ አዘጋጅተው ጠበቁን። ዳንቴል አልብሰውታል። ቡና ተፈላ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ልጁ ስሙን በአማርኛ ጻፈ። ሁሉም አጨበጨበ።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። "ልጄ፣ ያመጣችሁት ዕቃ ምጣዱን ሳበራ ይጠፋል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፣ የቤቱ መስመር ደግሞ ቀጭንና አሮጌ ነው። ምጣዱ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ድርግም። ክፍል ውስጥ ያላስተማርኩትን ነገር እዚያ ቤት ተማርኩ። መጨረሻ ላይ የፈታነው በቴክኖሎጂ አይደለም፣ በስምምነት ነው። እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይጋግራሉ፤ ልጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ የእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ላለ ቤት የምንመርጠው ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳ ከያዘ መብራት ሲዋዥቅ ያሻግራል።

ኮምፒውተር ለድኻ ቤት ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት እንደ ጀመረ ያስታውስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠፈሩ ልጆች የማውስና የኪቦርድ ልምምድ እናደርጋለን። አንድ ጎበዝ ልጅ፣ በሒሳብ የሚያክለው የሌለ፣ ማውሱን እየገፋ እየገፋ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሰና ቆመ። እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ቦታ አለቀብኝ" አለኝ። ማውስ ተነሥቶ መልሶ እንደሚቀመጥ ማንም አሳይቶት አያውቅም። ይህ ልጅ ፈተናው ላይ የሚጥለው ጥያቄ ሒሳብ ስለማያውቅ አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠናም አለ። ስልክ ላይ ቪዲዮውን ማየት ይቻላል። በስልክ ኪቦርድ ኮድ ጻፉ ብላችሁ ግን ልጆቻችሁን እስቲ ሞክሯቸው።

አሁን ለምን ተጣደፍክ ትሉኝ ይሆናል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉንም ማሽን አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት። እናንተ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ውስጥ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን የሆኑት ስንት ናቸው? የአይቲ ክፍላችሁን ጠይቁ። በዚህና በሚቀጥለው ዓመት ተራቸውን ጠብቀው ከጠረጴዛ ይወርዳሉ። ምንም ያልሆኑ፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም ያላቸው ማሽኖች! ለእናንተ ያረጁት የሶፍትዌር ድጋፍ ስለቀረባቸው ነው። ለእኛ አላረጁም። ወደዚያ ምድር ቤት ከወረዱ ግን የሚቀጥለው አይጥ እየጠበቃቸው ነው።

ወደ ሥጋታችሁ ልምጣ። የመጀመሪያው "ዲስኩ ላይ ያለው መረጃስ?" የሚለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ባትጠይቁ ነበር የምደነግጠው። በተለይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የደንበኛ መረጃ ያለበት ዲስክ እንደ ዋዛ ከግቢ አይወጣም። ፎርማት ማድረግ አይበቃም፤ ፎርማት የመጽሐፉን ማውጫ ይቀድዳል እንጂ ገጾቹን አያቃጥልም። እኛ የምንለው፣ ማጥፋቱ እናንተው ግቢ ውስጥ፣ የአይቲ ባለሙያችሁ እያየ ይሁን። ከፍላሽ ላይ የሚነሣ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ይሞላዋል። ለ500 ጊጋ ዲስክ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ብዙ ማሽን ግን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ይሄዳል። ኤስኤስዲ ከሆነ የራሱ የማጥፊያ ትእዛዝ አለው፣ እሱን እንጠቀማለን። ይህም አላሳመናችሁም? ዲስኩን አውጡና አስቀሩት። ጥቂት ብሎን ነው። ማሽኑን ብቻ ስጡን፣ ሌላ ዲስክ እኛው ፈልገን እናስገባለን።

ሁለተኛው "ኦዲተር ምን ይለኛል?" ነው። ይሄኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ አውቃለሁ። ስቶር ውስጥ የበሰበሰ ኮምፒውተር ማንንም አያስጠይቅም፤ ለተማሪ የተሰጠ ግን "በማን ፈቃድ?" ያስብላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያስተማምነውን ይመርጣል፤ ቁልፉን ዞር አድርጎ መሄድ። ወይም ዓመታት ቆይቶ ጨረታ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ከወንበርና ከጎማ ጋር በአንድ ሎት ተጠቃልሎ። የገዛው ሰው ሲፒዩውንና መዳቡን ያወጣል፣ የቀረው ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ለመንግሥት የገባለት ገንዘብ ለማስታወቂያው የወጣውን ይሸፍን አይሸፍን እናንተው አስሉት።

ስለዚህ ይህን አንቀጽ ለፌዴራል የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን ነው የምጽፈው። አንድ አጭር ሰርኩላር አውጡልን። ከአገልግሎት የወጣ ኮምፒውተር የማስወገጃ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ፣ ከጨረታ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ "ማሠልጠኛ ተቋም ይፈልገዋል ወይ?" እንዲሆን። የንብረት ክፍል ኃላፊው በወረቀት ይጠበቅ፣ ብቻውን አይቁም። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ካናዳ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመሥሪያ ቤቶች የሚወርዱ ኮምፒውተሮችን እያሳደሰ ለትምህርት ቤቶች የሚያደርስ ፕሮግራም አለው። ከሚያድሱት ውስጥ ወጣት ሠልጣኞች አሉበት። እነሱ አገር ኮምፒውተር ከእኛ ይልቅ ርካሽ ነው፣ ግን አልጣሉትም።

የግል ባንኮችና ድርጅቶች ግን ይህን ሰርኩላር መጠበቅ የለባችሁም። የእናንተ ፊርማ እዚያው ፎቅ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ቆሻሻ አትላኩልን። ስጦታ ነውና ዝም ብለው ይቀበላሉ ተብሎ የተሰነጠቀ ስክሪን፣ የፈሰሰ የዩፒኤስ ባትሪ፣ ሆዱ ትልቅ የድሮ ሞኒተር ተጭኖ መጥቶብን ያውቃል። በዚያ ሞኒተር መስታወት ውስጥ እርሳስ አለ፤ ተማሪ በመዶሻ የሚፈታው ነገር አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ። ከምትሰጡን ውስጥ የማይነሣ መኖሩ አይቀርም፤ መለዋወጫውን አውጥተን ቀሪውን በአግባቡ እናስወግዳለን። የጭነቱ ግማሽ ሬሳ ከሆነ ግን ስጦታ አይባልም፣ ሸክም ማሻገር ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ቃል አለኝ። ልባችሁን አውቃለሁ። ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጡ ዴስክቶፖች ተቀብለን ነበር። ከጀርባቸው ባለው ፓወር ሰፕላይ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች፤ 115 እና 230 የሚል። የእናንተ ግድግዳ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እኔ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ፣ ሳላያት ሶኬት ላይ ሰካሁት። "ጧ!" አለ። ጭሱ ወርክሾፑን ሞላው፣ ተማሪዎቼም እስካሁን ያነሡብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የላኪዎቹ አይደለም። ግን ከማጓጓዣው ወጪ ጋር ሳየው፣ ዴስክቶፕ በመርከብ ከምትልኩ ሻንጣ ውስጥ ጥቂት ኤስኤስዲና የላፕቶፕ ራም ብትይዙልን ይሻለናል። ባለ 2.5 ኢንቹ ኤስኤስዲ ከእጅ መዳፍ ያንሳል፣ ክብደቱም የለም። ማሽኑ እዚሁ አገር ሞልቷል፣ ቁልፍ ተቆልፎበት።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እንግዲህ በተግባር ስንመጣ እንዲህ ነው። ከአምስት ማሽን ጀምሮ እንቀበላለን። ከመውሰዳችን በፊት አንድ ቀን መጥተን እንዝርዝር፤ የሚነሣውን ከማይነሣው እዚያው እንለይ፣ ዲስኩንም እዚያው እናጥፋ። እያንዳንዱ ማሽን በመለያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ፣ ተጠግኖ ወጣ ወይስ ለመለዋወጫ ዋለ፣ በሦስት ወር ውስጥ በማኅተም የተረጋገጠ ዝርዝር እንመልሳለን። ፋይላችሁ ውስጥ አስገቡት፣ ኦዲተሩም ይየው። የተቀባዩን ቤተሰብ ስም ግን አንሰጥም፤ እርዳታ ተቀብላችኋል ተብለው ፎቶ እንዲነሡም አናደርግም። ባነር ይዛችሁ መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ወርክሾፑ ድረስ ኑና ከተማሪዎቹ ጋር ተነሡ፤ እነሱ ፎቶ ይወዳሉ።

መኪናና ጉልበት ከእኛ ነው። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነፃ ናቸው። ከእናንተ የሚጠበቀው ሞዴል 22ቱን (የንብረት ወጪ ደረሰኙን) እና የስቶሩን ቁልፍ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ቁልፉ እምቢ ካለም ችግር የለም፣ ዘይት ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሃርድዌርና ኔትወርክ አሠልጣኝ
አዲስ አበባ፣ 2018 ዓ.ም.